የባለቤቴን ደም በሌላ ሰው ደም ለገመቱልኝ

ለክቡር አቶ ተስፋጽዮን
የምርመራ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ጎሮ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የቀረነው አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእርስዎ ደም ከልብዎ ተነስቶ እስከ ራስዎ ድረስ ያለ እንከን እንዲዘልቅ፣ ማንም ሳይገምትለት እንዲፈስ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ከጎሮ አያት ሚኒባስ ያሽከረክር የነበረው የሰዲቅ ባለቤት ነኝ። ቀኝ እጁ መሪ እየለቀቀ፣ ምላሱ እየተሳሰረ ቢያስቸግረው፣ ሐኪሙ የአንገቱ ደም ሥር ሳይጠብ አልቀረም ብሎ፣ ወደ አንጎሉ የሚደርሰው ደም እንዲለካ ወደ እናንተ ላከው። አቀባበላችሁን አልረሳውም፤ ወንበሩ ሳይቀር ለስላሳ ነበር። ውጤቱ የደም ፍሰቱ በግራም በቀኝም መልካም ነው ስለሚል ሐኪሙ መድኃኒት ብቻ ሰጥቶ ሸኘው፤ ሰዲቅም በዚያው ሳምንት ተሳፋሪዎቹን አውርዶ ሳይጨርስ መሪው ላይ ተደፍቶ ቀረ።

ቅሬታዬን በቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ፦ ለቅሶ ስለደረሱኝ አመሰግናለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጠው ሊያጽናኑኝ እንደነገሩኝ፣ ማሽኑ የደሙን ፍሰት የሚገምተው በክንድ በመርፌ የሚሰጠው ቀለም በሕመምተኛው በራሱ ደም ሥር የሚያልፍበትን ፍጥነት አይቶ ነው። ሰዲቅ ስለተንቀሳቀሰ ምስሉ ደበዘዘ፤ ወረፋው እንዳይጓተት ግን፣ ማሽኑ በተተከለ ጊዜ ለሙከራ ምስል ከተነሳ ጤነኛ ሰው የተቀመጠውን ልክ አስገብታችሁ አሰላችሁለት። ለሁሉም የምታደርጉት ስለሆነ በሰዲቅ ላይ የተለየ በደል እንዳልተፈጸመ አስረዱኝ። ሁሉን እኩል ስለምታዩ አላህ ይስጥልኝ።

2ኛ፦ ግምት መሆኑ አያስከፋኝም። ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል አብሮ ቢጻፍ ኖሮ ሐኪሙ ይደገም ይል ነበር። እናንተ ግን ለእኛ አዝናችሁ ጥርጣሬውን አስቀርታችሁ እርግጠኝነቱን ብቻ ሰጣችሁን።

3ኛ፦ ይህ ቅሬታ እንኳ አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ያ ጤነኛ ሰው ማን ነው? ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠውን ሰው አንገት አያለሁ፤ ደም ሥሩ ሲመታ ሳይ የባሌ ውጤት የእሱ ይመስለኛል። የሰዲቅ ስም የተጻፈበት ደም በሌላ ሰው ገላ ውስጥ ሆኖ በዚህ ከተማ ይዘዋወራል። አንድ ቀን አያት ባቡር ጣቢያ በጥድፊያ የሚራመድ ሰው ተከትዬ ሄጃለሁ፤ ዞር ቢል ምን እንደምለው አላውቅም ነበር። ሰው አበደች ይላል፤ እኔም አንዳንዴ እላለሁ።

4ኛ፦ የሰዲቅ ታናሽ ወንድም ሃይደር ቀኝ እጁን ያደነዝዘው ጀምሯል። የፊታችን ሐሙስ እናንተ ዘንድ ምስሉን ለመነሳት ቀጠሮ አለው፤ ሌላ ቦታ ወረፋው የወራት ነው። ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሃይደርን በራሱ ደም ገምቱት። ቢደበዝዝ ደበዘዘ በሉን፤ ተመልሰን እንመጣለን። ሁለተኛ ድንኳን የምጥልበት አቅም የለኝም።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለማይጠራጠረው ማሽንዎና እሱን ለማይጠራጠሩት ሠራተኞችዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ኑራ እንድሪስ
የሟች ሰዲቅ ባለቤት፤ በውጤታችሁ መሠረት ግን የጤነኛ ሰው ሚስት

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳልጨርስ በሃይደር ስልክ መልእክታችሁ ደረሰን። የምርመራ ውጤቱ መልካም ስለሆነ መጥቶ እንዲወስድ ይላል። ለፍጥነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።