ነፋስ ተብሎ ስለተመዘገበው ፈረሴ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ይርጋለም፣ የቀበሌያችን የተፈጥሮ ኃይል ዘመቻ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ግልባጩ፦ ለቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳና ፊት ለፊቱ ለሚያልፍ ሁሉ
ናዝሬት፣ ሚያዝያ 1975 ዓ.ም.

የተከበሩ ጓድ ሊቀ መንበር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎም የማይደርቅ ቀለም እመኛለሁ። እኔና ባለቤቴ ሀጂራ፣ ከደጃችንም ሰባት ወር ሙሉ ያለ ፈረስ የቆመው ጋሪያችን፣ እርስዎን ደጋግሞ ከማሰብ በቀር ለክፉ የሚሰጥ ሕመም የለብንም፤ አልሐምዱሊላህ።

ብዙ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉንም በስም ሊያውቅ ስለማይችል ራሴን ላስተዋውቅ። ሱሌማን ይመር እባላለሁ። ከወሎ መጥቼ ናዝሬት ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ከግራር ሥር ተቀምጬ ለሃያ ዓመት ያህል ማመልከቻ ስጽፍ ኖርኩ፤ ዓይኔ ሲደክም ደግሞ ብዕሩን ትቼ ቦራ የሚባል ግንባረ ነጭ ፈረስ ገዛሁና ባለጋሪ ሆንኩ። የስንቱን ሰው በሬ፣ የስንቱን ሰው ርስት ለማስመለስ ስጽፍ ኖሬ ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለፈው እሑድ በውይይት ክበብ “ሂስ የማይሰጥ አባል ለድርጅቱ ሸክም ነው” ብለው ስላስተማሩን፣ ሸክም እንዳልሆን ብዬ ብዕሬን ካስቀመጥኩበት አነሣሁ።

ነገሬ አጭር ነው፤ ፈረሴን ይመልሱልኝ። ሆኖም ውለታ የማያውቅ ሰው እንዳልባል በምስጋና እጀምራለሁ።

አንደኛ። የናዝሬት ነፋስ እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ሥራ ፈት ነበር። ባርኔጣ ከመንጠቅ፣ በምሳችን ላይ አቧራ ከመነስነስና የድሃ ቆርቆሮ ከመገንጠል በቀር ለአብዮቱ ያበረከተው ነገር አልነበረም። እርስዎ በ1971 ዓ.ም. ጥር ላይ ይህን ቦዘኔ ይዘው ሥራ አስገቡት። ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በቀበሌው መሬት ላይ፣ ክንፎቹ የሚያብረቀርቁ መዘውር በብረት ማማ ላይ አቆሙ፤ ያለ ናፍጣና ያለ ጭስ ውሃ ከጉድጓድ ሲያወጣም በዓይናችን አየን። የመጀመሪያው በርሜል ሞልቶ ሲፈስ እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ይህን የምለው ለሽሙጥ አይደለም፣ እውነት ደስ ብሎኝ ነበር። ሀጂራም ጉልበቷ እያመማት ከሩቅ ቦኖ ውሃ መቅዳቱ ቀርቶላት ስንት ቀን መረቀችዎት።

ሁለተኛ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ከሰል የማያከስል፣ ማገዶም ከሩቅ የማያስጭን ቀበሌ እንሁን ብለው አራት መቶ የባሕር ዛፍ ችግኝ እንድንተክል ዘመቻ ጠሩ። ይህም ግሩም ሐሳብ ነበር። ለውሃው እንዲቀርቡ ተብሎም ችግኞቹ በመዘውሩ ዙሪያ፣ በአራቱም ማዕዘን፣ በአራት ረድፍ ተተከሉ። ያን ዕለት የፓምፑ ዘበኛ ኦቦ ፈይሳ አካፋቸውን ተደግፈው “ያ ረቢ! ጓድ፣ ይሄ ሲያድግ ነፋሱ በየት በኩል ነው የሚገባው?” ብለው ጠየቁ። እርስዎም ሽማግሌው ከዛፍ ጠላቶች ጎን መሰለፋቸውን ወዲያው ደርሰውበት ለእሑዱ ስብሰባ ግለ ሂስ እንዲያዘጋጁ አዘዙ። ኦቦ ፈይሳ በሕዝብ ፊት ቆመው ዛፍ ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደሚወዱ፣ ነፋስ የሚገባበትም በር እርሳቸውን እንደማይመለከታቸው አምነው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ የጠየቀ የለም።

ዛፎቹም አላሳፈሩንም። መዘውሩ ውሃ ያወጣል፣ እነሱ ይጠጣሉ፣ ይረዝማሉ። አምና ማማውን አልፈው ወጡ፤ መዘውሩም በሰኔ ወር አንድ ጊዜ ተንቀጥቅጦ ቆመ። እኛ መንገድ ላይ ባርኔጣችንን በሁለት እጅ ይዘን ስንሄድ እሱ ከዛፎቹ መሐል ድርቅ ብሎ ይታያል። ዛፍ እንዳይቆረጥ ደግሞ አራት መቶዎቹ በሙሉ በስኬት ሪፖርት ውስጥ ገብተዋል፤ ማማው እንዳይነሣም የምረቃው ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተተክሏል። ሁለት ደጋግ ሥራዎች አንገት ለአንገት ተናንቀው ቀሩ፤ የሚገላግል ሦስተኛ አካል ተፈለገ።

ሦስተኛ። የተፈለገው ሦስተኛ አካል የእኔ ቦራ ሆነ። ባለፈው መስከረም ከበላይ አካል ጎብኚዎች ይመጣሉ ተብሎ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ከቤቴ መጥተው “ለሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ጋሽ ሱሌማን፤ ለአገር ጉዳይ ነው” ብለው ፈረሴን ከጋሪው ፈትተው ወሰዱት። ለአገር ከሆነማ ብዬ ገለባውን አሲዤ ሸኘሁት። በማግሥቱ ሄጄ ሳይ አንድ ቀጥቃጭ ረጅም ግንድ ከፓምፑ ጋር አያይዞ ቦራን ጠምዶታል፤ ቦራ በዛፎቹ ጥላ ውስጥ ተሸሽጎ ሲዞር ውሃው ይወጣል፤ በቀበቶና በገመድ ተስቦም ላይ ያለው መዘውር አብሮት ይዞራል። ከመንገድ ላይ ለሚያይ ሰው ነፋስ ከዚያ በላይ ሠርቶ አያውቅም።

የጎብኚዎቹን ቀን ሳስታውስ ችሎታዎን አደንቃለሁ። እኔም ከሕዝቡ ጋር እንዳጨበጭብ ተጠርቼ ነበርና ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንዱ እንግዳ ቀና ብለው መዘውሩ እየዞረ ቅጠሎቹ ግን ለምን እንደማይንቀሳቀሱ ቢጠይቁዎት፣ ሳይደነግጡ “የእኛ ዛፎች ዲሲፕሊን አላቸው” አሉ። ቦራ ሊሸና ቆሞ መዘውሩ ቀጥ ሲል ነፋሱ አቅጣጫ እያጠና መሆኑን ገለጹ። ቦራ ድምፄን ሰምቶ ሲያሽካካ ጊዜ ደግሞ ማሽኑ ቅባት እንደሚፈልግ ተናግረው ጸሐፊው ማስታወሻ እንዲይዝ አዘዙ። እንግዶቹ ሶደሬ ፍል ውሃና ምሳ ይጠብቃቸው ስለነበር በሃያ ደቂቃ ውስጥ ተደስተው ሄዱ። ፈረሴ የጠራኝ እኔን ነበር፤ እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ አጨበጨብኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አራተኛ። ሦስቱ ቀን አለፈ፤ ሦስት ሳምንትም አለፈ። ማመልከቻ ይዤ ጽሕፈት ቤትዎ ብመጣ መዝገብ ቤት ያለችው ወይዘሮ ዘርፉ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር ገልጣ “ጋሽ ሱሌማን፣ እኛ ጋ ፈረስ የሚባል ነገር አልገባም፤ ፓምፑ የሚሠራው በነፋስ ነው ይላል” አለችኝ። በዛፎቹ ግንድ መሐል የሚዞረውን ቦራን በጣቴ ባሳያት በመስኮቱ አሻግራ አይታ፣ ከንፈሯን መጥጣ፣ ያልገባ ንብረት እንዴት ወጪ ተደርጎ እንደሚመለስ ደንቡ እንደማይገልጽ ነገረችኝ። እሷ ላይ አልፈርድም። እንደ ሕጋችሁ ከሆነ እኔ ለኮሚቴው ነፋስ አውሼያለሁ፤ ነፋስ ያዋሰ ሰው ደግሞ ምን ብሎ ይከሳል?

ነፋስ ገለባ ስለማይበላ ለቦራ ቀለብ አልተመደበለትም። ስለዚህ ሀጂራ በዚያው በሚያማት ጉልበት በየማለዳው የገለባ ሸክም ይዛ ትሄድለታለች። ውሃ መቅዳት ቀረልኝ ብላ የመረቀችዎት ሴት አሁን ነፋስ ትቀልባለች። ትከሻው ላይ ገጣባ ወጥቶበታል፤ ቅቤ ትቀባዋለች፣ በማግሥቱ ገመዱ መልሶ ይልጠዋል። ኦቦ ፈይሳም “አይዞሽ፣ ሀዳኮ፣ እናቴ” እያሉ አብረዋት ያዝናሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ሀጂራ በሰባት ወር ውስጥ ያፈሰሰችው ብቻ አንድ ረድፍ ዛፍ ያጠጣል።

በዚህ መሐል ስለ ዑደቱ ፍጹምነት ሳላመሰግን አላልፍም። ቦራ የሚጥለው ፋንድያ በየሳምንቱ እየተጠረገ ለዛፎቹ ማዳበሪያ ይሆናል። በማዳበሪያው ዛፎቹ ይበልጥ ይረዝማሉ፤ በረዘሙ ቁጥር ነፋሱ ይበልጥ ይታገዳል፤ ነፋሱ በታገደ ቁጥር ቦራ ይበልጥ ያስፈልጋል። እኔ ያልተማርኩ ሰው ነኝ፤ ግን እንዲህ ያለ ራሱን በራሱ የሚመግብ ዕቅድ የሰው ልጅ ከዚህ በፊት አስቦ የሚያውቅ አይመስለኝም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ስለ ሳይንስ ነው። በቀደም በማስታወቂያ ሰሌዳው የተለጠፈውን የኮሚቴውን ሪፖርት መነጽሬን አድርጌ አንብቤዋለሁ። “በአካባቢያችን የሚነፍሰው ነፋስ በየቀኑ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ለግማሽ ሰዓት፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ለአንድ ሰዓት ያህል በተፈጥሮ ሕግ የሚቆም መሆኑ በጥናት ተረጋግጧል” ይላል። ጓድ ሊቀ መንበር፣ ያን ጥናት ያደረጉት ሊቃውንት እንዳያፍሩ በጆሮዎ ብቻ ብነግርዎ እወድ ነበር። ቦራ ለዘጠኝ ዓመት የቀትሩን የዙህር አዛን ሲሰማ መስጊዱ ፊት ለፊት ካለው ጥላ ሥር እየቆመ፣ እኔ ሰግጄ እስክወጣ ገለባውን እየበላ የኖረ ፈረስ ነው። አዛን ከሰማ አለንጋም አያስነሣው። ጁምዓ ላይ ኹጥባው፣ ስብከቱ ማለቴ ነው፣ ስለሚረዝም እሱም ያንኑ ያህል ይቆማል። ጁምዓ የሚያከብር ነፋስ ያለው ቀበሌ በዓለም ላይ የእኛ ብቻ ነው፤ በዚህም እኮራለሁ።

ከሽሙጡ ወጥቼ አንድ ነገር በቅን ልቦና ላሳስብ። የናዝሬት ነፋስ የሚበዛው ከምሥራቅ በኩል ነው። በምሥራቅ ያለው አንዱ ረድፍ ብቻ ቢቆረጥ ለሴቶቻችን ማገዶ ይሆናል፣ መዘውሩ ነፋሱን መልሶ ያገኛል፣ የቀሩት ሦስት መቶ ዛፎችም ውሃቸውን ይጠጣሉ፣ እኔም ፈረሴን ይዤ ወደ ጋሪዬ እመለሳለሁ። መዘውሩ ጥሩ ነው፤ ዛፉም ጥሩ ነው፤ የከፋው ስህተት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ዝም ማለቱ ነው፣ ከእነዚያም አንዱ እኔ ነበርኩ። ጋሪ ከሌለኝ ምን እንደምሆን ያውቃሉ፤ ዓይኔ ለብዕር አይበቃም፣ ጉልበቴም ለሸክም አይበቃም። ቦራ በዚህ ገጣባ ክረምቱን አይወጣም። ሀጂራ “ፈረሱን ስትፈልግ አንተን እንዳናጣህ፣ ተው ይቅርብን” ብላ ለምናኛለች። ልመናዋን አለመስማቴ ከእርስዎ ይልቅ እሷን ስለማልፈራ አይደለም፤ ፈረሱ ጠርቶኝ ዝም ያልኩበትን ቀን ዳግመኛ ስለማልፈልገው ነው።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለማይታየው ነፋስዎ፣ ሥርዓት ስለያዙት ዛፎችዎ፣ ስለ ሦስቱም ቀን ርዝመት ጎንበስ ብዬ አመሰግናለሁ። መዘውርዎ ይዙር፣ ሪፖርትዎ አይንጠፍ፣ እርስዎም ከተዋሱት ነገር ሁሉ ጋር በሰላም ይኑሩ እያልኩ፣ በአብዮታዊ አክብሮትና በባለጋሪ ትሕትና ከእግርዎ ሥር እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታዛዥ፣ የነፋስ አዋሽ
ሱሌማን ይመር

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ሐሙስ ዕለት ጽፌ ጨርሼ፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ልለጥፈው በኪሴ ይዤው ነበር። ሰግጄ ስወጣ ቦራ መስጊዱ ፊት ለፊት፣ ከጥላው ሥር፣ የተበጠሰ ገመድ ከአንገቱ ተንጠልጥሎ ቆሞ አገኘሁት። ጫማዬን ሳላደርግ ሮጬ አንገቱን ይዤ አልቅሻለሁ፤ የጁምዓው ሰው ሁሉ አይቶኛል፣ አላፍርም። አሁን ከቤቴ ነው፤ ሀጂራ ገጣባውን እያጠበችለት ነው። ኦቦ ፈይሳን በዚህ ነገር እንዳይጠይቋቸው አደራ፤ እርሳቸው እንዲጠብቁ የተቀጠሩት ነፋስ ነው፣ ያመለጠ ነፋስ ደግሞ ማንም አይይዘውም። ኮሚቴው ፈረስ ጠፍቶብኛል የሚል ከሆነ “ፈረስ” የሚል ቃል ያለበት፣ የእርስዎ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ይምጣ፤ ያን ወረቀት ለጎብኚዎቹም አንድ ግልባጭ እልክላቸዋለሁ። በመዝገብዎ እንደተጻፈው የጠፋብዎ ነፋስ ከሆነ ግን፣ ጓድ ሊቀ መንበር፣ ግቢዬ ክፍት ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ በምሥራቅ በኩል እየገባ ነው፤ ጆንያ ይዘው ይምጡና የሚበቃዎን ያህል ይውሰዱ።