ፍሬኑ የማይዘው መጋዝ

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ ስትከፍት ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን። እየሠራ ከሆነ ግን ንባቡን ተወውና በአውራ ጣትህ ማጥፊያውን ተጫነው። ፍሬኑን አላልኩም፤ ማጥፊያውን ነው ያልኩት። አጠፋኸው? መሬት አስቀምጠው። በል አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ።

ሰላምታ ያላስቀደምኩት ጠፍቶኝ አይደለም። በጥድፊያ ስለምጽፍ ፊደሌንም አትታዘበኝ። የምጽፍልህ ከእንጨት ማራገፊያው ግቢ፣ የዘይት በርሜል ላይ ተደግፌ ነው። ያ ጡሩንባ የምትሉት ሹፌር መኪናው ላይ ሲሚንቶ እያስጫነ ነው፤ ጭነቱ እንዳለቀ ወደ እናንተ ይነሳል። አንተ ሥራ ላይ ስልክ ስለማትይዝ አለቃችሁ ካቦው ጋ ከጠዋት ጀምሮ ስደውል ነበር። ያቺ ስልክ ውስጥ ያለች ሴትዮ "ሊያገኟቸው አይችሉም" ትለኛለች። አንዴማ ሰደብኳት።

ወንድም ጋሼ፣ የሰጠሁህ መጋዝ ፎርጅድ ነው።

ይኸው፣ ተናገርኩት። የባሰው ደግሞ ስገዛው ማወቄ ነው።

አሮጌው መጋዝህ እጅህ ላይ የሞተ ዕለት ትዝ ይልሃል? አሥራ አራት ዓመት አብሮህ ሠርቷል። ጓሮ ውስጥ ገመዱን ሳብከው፣ ሳብከው፣ ከዚያ ግንዱ ላይ ቁጭ አልክ። ሞተር ሠሪው "ፒስቶኑ ነክሷል፤ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ጠብቅ" አለህ። የኤሌክትሪክ መስመሩ የዛፍ ጠረጋ ደግሞ ሰኞ ሊጀመር ነው። "እንግዲህ ሌላ ሰው ይወስደዋል" ብለህ ሻይህን ሳትጨርስ ገብተህ ተኛህ። እኔ ሻይህን እያየሁ ቀረሁ። አባታችን ሲሞት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደግከኝ በዚያ መጋዝ ነው። የጸጉር ሥራ የተማርኩት፣ ሳሎኔ ውስጥ የቆሙት ሁለት የጸጉር ማድረቂያ ካስኮች የተገዙት በዚያ መጋዝ ነው። እኔ ደግሞ ለአንተ የሰጠሁህ ምንድን ነው? ካልሲ። በየዓመቱ ካልሲ።

በማግስቱ ገበያ ወረድኩ። ሻጩ ምላሱ ማር ነው። "እህቴ፣ አንቺን አልዋሽሽም፤ ኮፒ ነው። ግን ከኦርጅናሉ ጎን ብታስቀምጪው የሠራው ፋብሪካ ራሱ አይለየውም" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ብርቱካናማው ቀለም ያው፣ ጽሑፉ ያው፣ እጀታው ያው። ዋጋው ብቻ ሲሶ። "ይቆርጣል?" አልኩት። "ይቆርጣል ወይ? ኧረ እሱ ዛፍ ሲያይ ይርበዋል!" አለኝና ሳቅን። ሌላ አልጠየቅኩም። መቁረጡን እንጂ መቆሙን የምጠይቅ ሰው አልነበርኩም።

ስሰጥህ ደግሞ እኮ ጠርጥረህ ነበር! ስቲከሩን በጥፍርህ ፈተግ ፈተግ አድርገህ "ይሄ ነገር ትንሽ ጠመም አላለም? ኦርጅናል ነው አይደል?" አልከኝ።

"ምን ማለትህ ነው? ለአንተ ፎርጅድ ልገዛ?" ብዬ አኮረፍኩ። አኮረፍኩ እኮ፣ ወንድም ጋሼ! ይቅርታ የጠየቅከው አንተ ነህ። ግንባሬን ሳምከኝና "አደግሽብኝ" አልክ። ይህን ስጽፍ ያ የሳምከኝ ቦታ ያቃጥለኛል።

ዛሬ ጠዋት ሞተር ሠሪው ደወለ። ዕቃው ቀድሞ መጥቶ አሮጌው ተሠርቷል፣ ነይና ውሰጂ አለኝ። አንዲት ደንበኛዬን ጸጉሯ በቢጎዲን እንደተጠቀለለ ለረዳቴ ጥዬ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያንተኑ ብርቱካናማ መጋዝ አገኘሁ።

"የወንድሜ መጋዝ እዚህ ምን ይሠራል?" አልኩ።

"የወንድምሽ አይደለም፣ የኔ ጉድ ነው" አለኝ በርጩማ ላይ እግሩን ዘርግቶ የተቀመጠ አትክልተኛ። እግሩ ከጉልበቱ በላይ በወፍራም ፋሻ ተጠቅልሏል። "ወንድምሽም ገዝቷል? እሱንም እግሩን ቆርጦት ይሆን?"

ሞተር ሠሪው መጋዙን አስነሳው። ቤንዚን ሳይሰጠው፣ ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ብቻ እያንኮራኮረ፣ ከፊት ያለውን የፍሬን እጀታ ገፋው። ቀጭ አለ። ሰንሰለቱ ግን መዞሩን አልተወም።

"ቀጭ ብሏል እኮ" አልኩት እንደ ሞኝ።

"ቀጭ ማለትማ ማን ያቅተዋል" አለኝ። አጥፍቶ ክዳኑን ፈታልኝ። ሰንሰለቱን አንቆ የሚያቆመው የብረት ቀበቶ መኖር ያለበት ቦታ ባዶ ነው። ተበጥሶ እንዳይመስልህ፤ ከመጀመሪያውም አልተገጠመም። "እጀታው ለጌጥ ነው፣ እንደ ጉትቻሽ። ከዚህ ዓይነቱ ሦስት ፈትቻለሁ፤ ሦስቱም ባዶ ናቸው።"

ከዚያ ወዲያ የተናገረውን አልሰማሁም። የሚታየኝ አንተ ነበርክ። ከአንዱ ግንድ ወደ ሌላው ስትሻገር ሞተሩን አታጠፋም። በግራ እጅህ አንጓ እጀታውን ገፋ፣ ቀጭ፣ ከዚያ መጋዙን ከጭንህ አስጠግተህ ትራመዳለህ። "ቀጭ ሳይል አትራመድ" እያልክ ስንቱን ሠራተኛ አስተማርክ። ፍሬን የማይነካው ግድየለሽ ሰው እንኳ ሰንሰለቱን ስለሚፈራው ከእግሩ አርቆ ይይዘዋል። አንተ ግን ጠንቃቃ ነህ፤ ስለምታምነው ታስጠጋዋለህ። ጆሮህ ከደከመ ቆየ፣ በላዩ ላይም መሸፈኛ ታደርጋለህ፣ ዓይንህ ደግሞ ሁልጊዜ የሚቀጥለው ዛፍ አናት ላይ ነው። መዞሩን በምን ታውቃለህ? የምታምነው አንጓህ ላይ የሚሰማህን ያቺን ቀጭ ብቻ ነው። እሷም እንደ እኔ ውሸታም ናት።

ሰኞ ጀመርክ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ምናልባት አይተህበት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያ ፋሻ ይታየኛል።

ጡሩንባ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ "ምንድን ነው እንዲህ የሚያልብሽ? ኑዛዜ ነው?" አለኝ።

"ለወንድሜ ነው። እጁ ላይ ታደርስልኛለህ፣ ዛሬውኑ።"

"ጋቢናው ባዶ ነው። አንቺ እያለሽ ወረቀት ምን በወጣው? ተሳፈሪ!"

ሐቁን ልንገርህ? መሄድ አልታሰበኝም ነበር። ደብዳቤ የመረጥኩት ፊትህን ፈርቼ ነው።

*

አሁን መንገድ ላይ ነን። መኪናው ስለሚንጠኝ መስመሩ ወጣ ገባ ብሏል። አሮጌው መጋዝህ ጭኔ ላይ ነው፤ ቀሚሴን በዘይት ለቅልቆታል፣ ይለቅልቀው። የሆነውን ሁሉ ለጡሩንባ ነገርኩት። እሱም እኔን ለማረጋጋት ብሎ ወሬውን ጀመረ።

"እኔ እኮ ያልገዛሁት ፎርጅድ የለም። ጫማው ፎርጅድ ቢሆን እግርሽ ይረጥባል። ሰዓቱ ፎርጅድ ቢሆን ታረፍጃለሽ። ባትሪው ቢሆን ሰው ጠርተሽ ታስገፊያለሽ። መጋዝ ግን..." አለና ፊቴን አየት አድርጎ ዝም አለ። ጡሩንባ ዝም ሲል አይተህ ታውቃለህ?

"ትንሽ ፍጠን" አልኩት።

"በዚህ ጭነት ከዚህ በላይ ብፈጥን ሦስታችንም አንደርስም።" ሦስተኛው መጋዝህ መሆኑ ነው።

*

ደረስን። አየሁህ። ሁለት እግር አለህ። ይህን መጻፍ እንዴት ደስ እንደሚል አታውቅም!

አንተ ዳገቱ ላይ ነህ፣ ጀርባህን ሰጥተኸናል። ካቦው ሊቀበለን መጣና "ውይ፣ እህቱ! ቆይ ልጥራው" ብሎ ባርኔጣውን ሊያውለበልብ እጁን አነሳ። እጁ ላይ ተንጠለጠልኩበት።

"ሰው ሲጠራው ምን ያደርጋል?" አልኩት።

"ምን ያደርጋል? እጀታውን ገፋ ያደርግና ይመጣል።"

"መጋዙን ይዞ?"

"ይዞ ነዋ። ለአንቺማ ይሮጣል።"

ካየኸኝ ትሮጣለህ፤ ቁልቁል፣ ያን ነገር ጭንህ ላይ አስጠግተህ፣ እየሳቅህ። ለካቦው ነገርኩት፤ ፊቱ አመድ መሰለ። "ነዳጁ ሊያልቅ ተቃርቧል" አለኝ። "ሲሞላ ያጠፋዋል። ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። እስከዚያ ማንም እንዳይንቀሳቀስ።" ስለዚህ ሦስታችን ከመኪናው ኋላ ተደብቀን እንጠብቅሃለን። ይህን የምጽፈው ቆሜ መመልከቱን ስላልቻልኩ ነው። ግን ደግሞ አያለሁ።

አንድ ዛፍ ወደቀ። አንጓህ ገፋ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እርምጃ። በሰንሰለቱና በሱሪህ መካከል አንድ ስንዝር የለም። አራት። ቅርንጫፍ እግርህን ያዘህ፣ ተንገዳገድክ፣ ጡሩንባ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ አፌን በመዳፌ አፈንኩ። ቆምክ። ተመስገን፣ ቆምክ። ደግሞ መቁረጥ ጀመርክ። ድምፁ ሲቀጥል እፈራለሁ፣ ሲቀንስ የባሰ እፈራለሁ፤ ሲቀንስ ልትራመድ ነውና።

ወንድም ጋሼ፣ ልትቆጣኝ ትችላለህ። ደግመህ የእኔን ቃል ላታምን ትችላለህ። ከእጄ ካልሲ እንኳ አልቀበልም ብትል አልከፋም። ብቻ በሁለት እግርህ ቆመህ ተቆጣኝ።

ድምፁ ሳል ሳል አለ።

ጠፋ። ግንዱ ላይ አስቀመጥከው። መሸፈኛውን ከጆሮህ አወረድክ።

እየመጣሁ ነው። በአፌ ብጀምረው እንደገና አስመስዬ የምዋሽህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት እጅህ ላይ አድርጌ ፊት ለፊትህ እቆማለሁ። እስክትጨርስ አላለቅስም፣ አላኮርፍምም። ብርቱካናማውን ለማንም አትስጠው፤ ተሸክሜ ወስጄ የሻጩ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ክዳኑን ፈትቼ አሳያለሁ። መቆሙን እንዲጠይቁ ለሁሉም እነግራለሁ።

ነዳጅ ልትሞላ ጄሪካኑን አነሳህ። ሮጥኩ።

የዋሸችህ፣
እህትህ