የተሰነጠቀው ሞዞ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 5 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ጁባ

ባሌ ጌታቸው የእንግሊዝኛ ፊደል የምማርበትን ጠመኔ ሳይጠይቀኝ ወሰደ። የውሃ ቦቴውን የፊት ጎማ ፈትቶ፣ ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ በላምባ አርሶ ወለወለው፤ ከዚያ ጠመኔውን ፈጭቶ ነሰነሰበት። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ላምባ በነጩ ላይ ቀጭን መስመር ሆኖ ወጣ። ባለፈው ሳምንት ጫፉ ላይ በመሮ ምልክት አድርጎ ነበር። ዛሬ ስንጥቁ ምልክቱን አልፎ ሄዷል።

«አዲሱ ሞዞ ከካምፓላ እስኪመጣ ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አለኝ።

«ቀስ ብለህ ትሞታለህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የኮር ዊሊያም ሰፈር ሰው ውሃ እየጠበቀኝ ነው።»

«ይጠብቅ። እኔ ስጠብቅህ ነው የኖርኩት።»

የመኪናውን ቁልፍ የሽንኩርቱ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩት። ስከት አይቶኛል። ስልኩ ሲጮህ ዋለ፤ እሱ ግን ማዳበሪያው አጠገብ ተቀምጦ ሽንኩርት ላጠልኝ። ግማሹን ከልጣጩ ጋር ይጥለዋል። ዛሬ ግን የጣለውን ለቅሜ ወጡ ውስጥ ጨመርኩት።