ሐሙስ ድልድዩ ላይ እንዲዘሉ ስለታዘዙ ሠላሳ ስምንት ልጆች

ለክቡር የገንዘብ ሚኒስትር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም ለሚሄዱባቸው መንገዶች ሁሉ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። የመጨረሻውን ምኞት ለነገር ብዬ የጨመርኩት አይደለም፤ እኔ በየቀኑ የምመላለስበትን ድልድይ ሐሙስ ጠዋት ሊመርቁልን እንደሚመጡ ስለተነገረን፣ መጥተውም በደህና እንዲመለሱ ከልቤ ስለምፈልግ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት የጭነት መኪና ስለነዳሁ፣ ስለ በጀት ባላውቅም ስለ ክብደት ጥቂት አውቃለሁ። ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣ ስለምሰጠው ባለቤቴ ስሜን እንዳልጽፍበት በልጃችን አስምላኛለች፤ እኔም ምያለሁ። በዚያ ድልድይ ላይ የሚያልፈው የትምህርት ቤት አውቶቡስ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ መሐላዬ ፈልገው ለሚያገኙኝ ሰዎች ብዙ ድካም እንደማይፈጥር ተስፋ አደርጋለሁ።

የዘንድሮው በጀት በሬዲዮ ሲነበብ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብለን ልጆቹ እስኪወጡ እየጠበቅን ነበር። እርስዎ የድልድያችንን ስም ሲጠሩ፣ ልጆቹን የምታወርድና የምታሳፍር ረዳቴ፣ ድምጿ ከክላክስ ስለሚበልጥ “ኮማንደር” የምንላት ሴት፣ እልልታዋን አቀለጠችው። እኔም ክላክሱን ነፋሁት። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ዱላውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። በዚህ ሁሉ ጩኸት መሃል ገንዘቡ ለምን እንደተመደበ ሳንሰማ ቀረን፤ ሊወድቅ ለተቃረበ ድልድይ ገንዘብ ሲመደብ ለጥገና ካልሆነ ለምን ሊሆን ይችላል ብለን ደስታችንን ቀጠልን። ስህተቱ ሙሉ በሙሉ የእኛ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለመብራት ኖሯል።

ጊዜዎን ላለማባከን ምስጋናዬን በቁጥር አስቀምጣለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መብራቶቹ አመሰግናለሁ። ስልሳ አራት ናቸው፤ ቀለማቸውን እየለዋወጡ ይበራሉ፤ አንዷን የብረት ምሰሶ ብቻ ስድስት ጎልማሶች እያቃሰቱ ተሸክመው ሲያቆሟት በዓይኔ አይቻለሁ። ምሰሶዎቹ እንዲቆሙ የድልድዩ ዳርና ዳር በመሰርሰሪያ ሲበሳ፣ መሪውን ይዤ ተራዬን እየጠበቅሁ ነበርና እያንዳንዷ ቀዳዳ ጥርሴ ውስጥ የገባች ያህል ተሰምቶኛል። ከዚህ ሁሉ ብረት ጋር ድልድዩ ስንት እንደሚመዝን ጠይቄ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ሁለተኛ፣ “ከአምስት ቶን በላይ ማለፍ ክልክል ነው” የሚለውን አሮጌ ሰሌዳ ስላስነሱልን አመሰግናለሁ። ዝጎ ነበር፤ ፎቶም ያበላሻል። በምትኩ “እንኳን ደህና መጡ” የሚል የሚያምር ሰሌዳ ቆሞልናል።

ሦስተኛው ትንሽ ረዘም ስለሚል ትዕግሥትዎን እለምናለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት ወጣት መሐንዲስ መጥታ ነበር። ድልድዩ ሥር ገብታ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና ወጣች። ድልድዩን ከተሸከሙት ምሰሶዎች በመሃለኛው ላይ፣ ስንጥቅ ያለበት ቦታ፣ ጣት የምታህል ስስ መስታወት አጋድማ በጄሶ ለጠፈች፤ ከጎኑም ቀኑን በቀይ ቀለም ጻፈች። ምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ “ጋሼ፣ ስንጥቁ ባለበት ከቆመ መስታወቱ አይነካም። ከተሰበረ ግን ድልድዩ እየተንቀሳቀሰ ነው ማለት ነውና ይደውሉልኝ” ብላ ስልኳን ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የሕፃን ትኩሳት እንደሚከታተል ሰው፣ ልጆቹን ከማንሳቴ በፊት ጠዋት ጠዋት እየወረድኩ ያንን መስታወት አይ ነበር።

ከአምስት ወር በፊት ለሁለት ተሰብሮ አገኘሁት። እዚያው ቁጢጥ ብዬ ደወልኩላት። ልጅቷ ወደ ማስዋብ ክፍል ተዛውራ የመብራቶቹን ቀለም እየመረጠች ነበር። መስታወቱ መሰበሩን ነገርኳት። “ሁለት ጊዜ ሪፖርት ጽፌያለሁ፣ ጋሼ፤ ለጥገና በጀት የለም ነው የሚሉኝ” አለችና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ልጆቹን ጭነው አያሻግሩ” ብላ ስልኩን ዘጋችው። ባለፈው ወር ደግሞ ቀለም ቀቢዎች መጥተው ስንጥቁንም፣ የተሰበረውን መስታወትም፣ ቀዩን ጽሑፍም በነጭ ቀለም ሸፈኑት። አሁን ስንጥቁ ስለማይታይ እየሰፋ ይሁን አይሁን አላውቅም። ስንጥቁን ሳየው እፈራ ነበር፤ ሳላየው ግን እንቅልፍ አጣሁ።

ነገሩን ለማስረዳት ወደ ከተማው አስተዳደር ሄጄ ነበር። በመስኮቱ ያለው ጸሐፊ፣ እግዜር ይስጠው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና የበጀት ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚሠራ በትዕግሥት አስረዳኝ። “አባቴ፣ ድልድዩ ከሥሩ ቢጠገን ማን ያየዋል?” አለኝ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ስኖር የመንግሥት ወጪን እንዲህ አጥርቶ ያብራራልኝ ሰው አልገጠመኝምና ጸሐፊው እድገት ቢሰጠው ደስ ይለኛል።

አራተኛ፣ እንዴት እንደምንሻገር ልንገርዎት፤ ምክንያቱም በጀትዎ ውስጥ የተረሳው ሥራ ይኸ ነው። ሌላው መሻገሪያ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ስለዚህ መስታወቱ ከተሰበረ ወዲህ አውቶቡሱን ድልድዩ አፍ ላይ አቆማለሁ፤ ልጆቹ ይወርዳሉ። ኮማንደር አምስት አምስት እያደረገች፣ እጅ ለእጅ አያይዛ፣ በእግር ታሻግራቸዋለች። ሠላሳ ስምንቱም ማዶ መድረሳቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥራ እጇን ስታነሳልኝ፣ እኔ ባዶውን አውቶቡስ በአንደኛ ማርሽ ይዤ እከተላለሁ። ቀበቶዬን እፈታለሁ፤ የሹፌር በሬንም ገርበብ አደርጋለሁ። በሩን የምከፍተው ለአየር አይደለም። መሃል ላይ ስደርስ ከሥሬ አንድ ድምፅ አለ፣ ክቡር ሚኒስትር፤ የጉልበት ቋ ማለት ይመስላል። በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ መሪው በላብ ይንሸራተትብኛል። ልጆቹ ጨዋታ ስለሚመስላቸው ማዶ ቆመው ያጨበጭቡልኛል፤ እኔም በደህና ለመሻገሬ እጅ ነስቼ አስቃቸዋለሁ። ከዚያ ዞር ብዬ፣ ጎማ የማይ መስዬ፣ ልጆቹ ተሳፍረው እስኪጨርሱ ድረስ አጎነብሳለሁ።

አምስተኛው የሐሙሱ ጉዳይ ነው፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም እሱ ነው።

ሰኞ ዕለት ርእሰ መምህሩ አስጠርተው የምረቃውን ፕሮግራም ሰጡኝ። ሠላሳ ስምንቱም ልጆች ነጭ ለብሰው፣ የድልድዩ መሃል ላይ፣ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። የእርስዎና የአጃቢዎችዎ አሥራ አንድ መኪኖች በመሃላቸው ቀስ እያሉ ያልፉና እዚያው ይቆማሉ። ከኋላ የማርሽ ባንዱ አለ። ሪባኑ ሲቆረጥ ልጆቹ የሙዚቃ አስተማሪው ያዘጋጀውን መዝሙር ይዘምራሉ፤ አዝማቹ ላይ ሲደርሱም ሁሉም እኩል ሦስት ጊዜ ይዘላሉ። እኩል። አስተማሪው አንድም እግር እንዳይዘገይ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲያለማምዳቸው ከርሟል፤ ጎበዝ ሰው ነው፤ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ስለ ተሰነጠቀው ምሰሶ የነገረው የለም።

እኔ ነገርኩት። ለርእሰ መምህሩም ነገርኳቸው። እሳቸው የፕሮግራሙን ወረቀት አጣጥፈው፣ እንደገና ዘርግተው፣ “ትእዛዝ ነው ወንድሜ፤ እኔ ምን ላድርግ? ፕሮግራሙ ላይ የበላይ አካል ፈርሞበታል” አሉኝ። እንደፈሩ አየሁ፤ የፈሩት ግን እኔ የምፈራውን ድልድይ አልነበረም።

መዝሙሩን የምታወጣው የእኔ ልጅ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ድምጿ ስለሚያምር ከፊት አቁመዋታል። ማታ ማታ ከእራት በኋላ ሳሎን ውስጥ ትለማመዳለች። አዝማቹ ላይ ደርሳ ሦስት ጊዜ ስትዘል ብርጭቆዎቹ መደርደሪያው ላይ ይንጫጫሉ፤ ሃያ አራት ኪሎ ናት፣ ክቡር ሚኒስትር፣ አንዲት ልጅ። “አባዬ፣ ለምን አታጨበጭብም?” ትለኛለች። አጨበጭባለሁ። ባለቤቴ ወደ ጓዳ ትገባና የታጠበውን ሳህን መልሳ ታጥባለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ሐሙስ ጠዋት ልጄን ራሷን አሟታል ብዬ ላስቀራት አስቤ ነበር። የእናቷ ፈቃድም ነበረበት። ይህንኑ ለኮማንደር ሹክ ብላት አፍጥጣ አየችኝ። ሁለት መንታ ልጆቿ ከረድፉ ውስጥ ናቸው። “አንተ የአንተዋን አስተኛት፤ እሺ። እኔም የእኔዎቹን አስተኛቸዋለሁ። ሠላሳ አምስቱ ደግሞ እናት የላቸውም?” አለችኝ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ለዚህም ነው ልጄን በማስታመም ፋንታ ለእርስዎ ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት።

ስድስተኛና ሰባተኛም ነበሩኝ፤ ሐሙስ ስለደረሰ ትቻቸዋለሁ። የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። በጀቱ ተመለስ ተብሎ አይመለስም፤ መብራቶቹም ይብሩ፤ ያምራሉ። ምረቃው ብቻ ከድልድዩ ወርዶ ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ይሁን። ሜዳው ሰፊ ነው፤ ልጆቹ እንደልባቸው ይዘላሉ፤ እርስዎም መብራቶቹን ከዚያ ሆነው ሲያዩዋቸው የበለጠ ያምሩልዎታል። ይህ ወጪ የለውም፤ በየትኛውም መዝገብ ላይ አይሰፍርም፤ አንድ የስልክ ጥሪ ብቻ ነው። ሰው ሲፈራ አግቦው ሁሉ ይጠፋዋልና ከዚህ በላይ አሳምሬ ልጽፍልዎ አልቻልኩም። ፈርቻለሁ። በጣም ፈርቻለሁ።

ለሕዝብ ደኅንነት ሌት ተቀን እንደሚጨነቁ በየዜናው የምሰማና ጭንቀቱን እንድጋራዎ ስላደረጉኝ ምስጋናዬ ወሰን የሌለው፣ ፊትዎ ለመቆም የማልበቃ፣ ድልድይዎ ላይ ግን በቀን አራት ጊዜ የምገኝ፣

ታዛዥዎ የአውቶቡስ ሹፌር

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፤ ረቡዕ

ለአክብሮት ብዬ የዚህን ደብዳቤ ረቂቅ ለርእሰ መምህሩ አሳይቻቸው ነበርና ምላሹ ደብዳቤው ጋዜጣው ዘንድ ሳይደርስ ደረሰልኝ፤ የመንግሥት ሥራ ይንቀረፈፋል የሚሉ ሰዎች ሐሰተኞች መሆናቸውን ለመመስከር ዝግጁ ነኝ። ያልጠየቅሁት የሦስት ቀን ፈቃድ ተሰጥቶኛል፤ የአውቶቡሱንም ቁልፍ አስረክቤያለሁ። ለሐሙስ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት አንድ ትልቅ አውቶቡስ ከነሹፌሩ ተመድቧል፤ ልጆቹ በእግር መጓዛቸው ለእንግዳ ዓይን ስለማያምር ሠላሳ ስምንቱንም እንደጫነ ድልድዩ መሃል ድረስ ገብቶ እንዲያወርዳቸው ታዟል። ሹፌሩን አገኘሁት፤ ጨዋ ልጅ ነው። ስለ ድልድዩ ስነግረው፣ “ገና አሁን ተቀብቶ?” ብሎ ሳቀብኝ።

ለኮማንደር ግን ፈቃድ መስጠት ረስተዋል፤ ረዳት በበጀት ውስጥ ስለሌለች ለማንም ትዝ አላለችም። ትናንት ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ጠብቃኝ፣ “እኔ አውቶቡሱ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ ወርጄ ከፊት ጎማው ሥር እተኛለሁ። ከዚያ ወዲያ እነሱ ያውቃሉ” አለችኝ። አውቃታለሁ፣ ክቡር ሚኒስትር፤ ታደርገዋለች። እኔም ከጎኗ እተኛለሁ። በፕሮግራሙ ላይ ያልተያዙ ሁለት ሰዎች መንገዱ ላይ ተጋድመው ቢያዩ እንዳይከፋዎት፤ ፎቶ አንሺዎ ካሜራውን ትንሽ ወደ መብራቶቹ ቀና ካደረገው እኛ ጨርሶ አንታይም።