አሥራ ሁለት ጊዜ ፈቃድ የጠየቁት የአቶ አምሐ ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ አምሐ ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ጥላዬ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወርቄ አበጋዝ በሰሜን ሸዋ፣ መርሐቤቴ፣ በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. ተወለዱ። በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊ ትምህርትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ በ1962 ዓ.ም. አዲስ አበባ ወደሚኖሩት አጎታቸው መጡ።

ነፋስ ስልክ አካባቢ በሚገኝ የከባድ መኪና ጋራዥ በረዳትነት ተቀጥረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዋና መካኒክ ለመሆን በቅተዋል። ሞተር ሲነሳ ድምፁን ብቻ ሰምተው ሕመሙን የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ሾፌሮች አምሐ መኪናቸውን ካላዩላቸው በቀር ረጅም መንገድ አይወጡም ነበር። ቤታቸው ውስጥ ግን የተቃጠለ አምፖል ለመቀየር ወር ይፈጅባቸው ነበር፤ ይህ እዚህ የተጻፈው ባለቤታቸው እንዳይቀር ስላሉ ነው። በ2005 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ።

በጥር 1971 ዓ.ም. የላፍቶ ገበሬ ከነበሩት ከኦቦ ሂርጳ ልጅ ከወ/ሮ ሸጊቱ ሂርጳ ጋር ትዳር መሠረቱ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። ኦቦ ሂርጳ የሙሽራውን በሞተር ዘይት የጠቆረ እጅ እያዩ «ይኼ እጅ በምን ታጥቦ ነው ልጄን የሚይዘው?» ብለው ነበር። በኋላ ግን ከወንዶች ልጆቻቸው አስበልጠው ወደዷቸው። አቶ አምሐና ወ/ሮ ሸጊቱ ጸደንያን፣ ሚክያስን እና ሀናን ወልደው ሀና ማርያም በሚገኘው ቤታቸው አሳድገዋል።

ጡረታ በወጡበት ዓመት ከሰፈር ምእመናን ጋር ገዳም ተጉዘው ሁለት ሱባዔ ቆይተው ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። በ2006 ዓ.ም. የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ምሳ በልቶ ሲያበቃ፣ «ሸጊቱ፣ ልመነኩስ ነው፤ ፍቀጂልኝ» አሉ። ባለትዳር ሰው ያለ ሚስቱ ፈቃድ ሊመነኩስ እንደማይችል የንስሐ አባታቸው ቀሲስ ጸጋአብ ነግረዋቸው ነበር። ወ/ሮ ሸጊቱ ሳህኑን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «ጸደንያን ሳንድር? ጤና የለህም እንዴ አንተ ሰውዬ?» አሏቸው።

ጸደንያ ተዳረች። በዓመቱ በቃና ዘገሊላ ደግመው ጠየቁ። ሚኪ ሥራ ይያዝ ተባሉ። ሚኪ ሥራ ያዘ፤ ሀና ትመረቅ ተባለ። ሀና ስትመረቅ ደግሞ ጣራው ይቀየር ተባለ። ጣራው ሲቀየር ወ/ሮ ሸጊቱ ልጆቻቸውን ጓዳ ጠርተው «አሁንስ ምን ልበለው?» ብለው አማክረዋል።

እስከዚያው አቶ አምሐ ቤታቸው ሆነው መመነን ጀመሩ። አልጋቸውን ትተው ሰሌን ላይ ተኙ። ሬዲዮናቸውን፣ የእጅ ሰዓታቸውን፣ ሁለት ኮታቸውን ለተቸገረ ሰጡ። ይሁን፤ የራሳቸው ነው። የወ/ሮ ሸጊቱ አዲስ ጋቢ፣ ቀጥሎም ከሳሎን ሁለት ወንበር በሄደ ጊዜ ግን ቤቱ ተናወጠ። «እኔ ሳልመንን ቤቴ መነነ!» ብለው ቁም ሳጥኑን ቆለፉ፤ ቁልፉንም አንገታቸው ላይ አሰሩ። ጎረቤት ይህን ሲያነሳ ዛሬም ይስቃል።

የወ/ሮ ሸጊቱ ነገር ግን የጋቢ ነገር አልነበረም። አቶ አምሐ ስለ ሰማይ ቤት ማውራት ደስ ይላቸው ነበር፤ ደዌ፣ እርጅና፣ መለያየት የሌለበት መሆኑን ሲናገሩ ፊታቸው ይበራ ነበር። እዚያ ማግባት መጋባት እንደሌለ፣ ሰው ሁሉ እንደ መላእክት እንደሚሆንም ያስተምሩ ነበር። ወ/ሮ ሸጊቱ ይህችን ሲሰሙ ተነስተው ጓዳ ይገቡ ነበር። አንድ ቀን በቀሲስ ጸጋአብ ፊት «እዚያ የኔ ካልሆንክ፣ እዚህ ልጥገብህ እንጂ!» ብለው አለቀሱ። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱም ቆረቡ፤ አቶ አምሐ ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም።

እንዲህ እያሉ እስከ 2017 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጊዜ ጠየቁ። አሥራ ሁለት ጊዜ ተከለከሉ።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ጸናባቸው። በሐኪም ሲረዱ ቆይተው በታኅሣሥ መጨረሻ ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ወ/ሮ ሸጊቱም ሰሌኑን ጠቅልለው አልጋ ላይ አስተኟቸው። ጥር 12 ቀን፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ልጆች በሙሉ አልጋቸውን ከበው ነበር። ምሳ ተበላ፣ ሁሉም ጠበቀ፤ እሳቸው ግን ምንም አላሉም።

«ዛሬ አትጠይቀኝም እንዴ?» አሉ ወ/ሮ ሸጊቱ።

አቶ አምሐ ደከም ባለ ድምፅ እውነቱን ያወጡት ያኔ ነው። «አልጠይቅሽም። በየዓመቱ እምቢ ስትዪኝ ደስ ይለኝ ነበር። ኮቱንም ሬዲዮኑንም የሰጠሁት ድሮም ስለማልወዳቸው ነው። የምወደውን መተው ሲመጣ አንቺን ሰበብ አደረግሁ። ለንስሐ አባቴም ተናግሬያለሁ። ሸጊቱ፣ አሁንም ልተውሽ አልቻልኩም።»

«አንተ ሌባ! አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አሳጥተኸኝ!» አሉ እያለቀሱም እየሳቁም። ኋላም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ያንን የመካኒክ እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «በል፣ ሳትጠይቀኝ ፈቅጄልሃለሁ። ሂድ፣ አምሐዬ። ለእኔ ልጆቼ አሉኝ» አሏቸው።

አቶ አምሐ «እዚያ ባልና ሚስት የለም ያልኩሽን እንጃ፤ ደርሼ እጠይቅልሻለሁ» አሉ። በማግስቱ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ አምሐ ባለትዳርና የሦስት ልጆች አባት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። በሕመማቸው ወቅት ላልተለዩን ጎረቤቶች፣ ለዕድርተኞቻችን፣ ለቀድሞ የጋራዥ ባልደረቦቻቸውና ለቀሲስ ጸጋአብ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ወ/ሮ ሸጊቱ ይህ ጽሑፍ ሲነበብላቸው እስከ መጨረሻው አዳምጠው አንድ ነገር ብቻ አስጨምረዋል፤ «ፈቃዱን የሰጠሁት በሙሉ ልቤ እንዳይመስለው።»

ቸሩ እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ጥያቄያቸውን ይዘው መጥተዋልና በምሕረቱ ይስማቸው። አሜን።