ጸበል ተብሎ የመጣው ሃይላንድ

ውድ ጋሽ እንዳሻው፣

«ውድ» ያልኩዎት እማዬ አጠገቤ ስለተቀመጠች ነው። ወንድሟ ነዎትና ክብርዎን እንድነካ አትፈቅድልኝም። እውነቱን ንገሪኝ ካሉኝ ግን፣ ከትናንት ጀምሮ ስምዎ ሲነሳ ተነስቼ ከቤት እወጣለሁ።

ለወንድሜ ለኢያኤል የላኩት ዕቃ ደርሷል። ሹፌሩ ሙሜ ከእርስዎ ዘንድ፣ ከበደሳ፣ እስከ ጭሮ ሃይላንዱን ከጎኑ አቁሞ፣ ኮረኮንች በመጣ ቁጥር በአንድ እጁ እየደገፈ ነው ያመጣው። «ጸበል ነው ብለውኛል፣ እንዳይደፋ ፈርቼ» አለና በሁለት እጁ ለእማዬ ሰጣት። እሷም ተሳልማ ተቀበለችው። ኢያኤል አልጋ አጠገብ ቆማ፣ በስመ አብ ብላ ከፈተችውና መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ግንባሩን ቀባችው። ክፍሉ አረቄ አረቄ ሸተተ። ወንድሜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «አውጡልኝ» አለ። እማዬ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች፤ በመጨረሻ ነጠላውን ራሱን አውልቃ ዘፈዘፈችው።

ሙሜ ሲሰማ ራሱን ያዘ። «ወላሂ ጸበል ነው ያለኝ! ኧረ አቦ፣ እኔን አረቄ ያሸክመኛል? ይሄ ሰው አላህን አይፈራም?» በእርስዎ ፋንታ እኔ አፈርኩ።

ስደውልልዎት ደግሞ ሳቁ። «አንቺ ደግሞ! ትንሽ ጨብሶ ይተኛ ብዬ ነው እንጂ፣ መጠጥ አደረግሽው እንዴ?»

ጨብሲ! ይህን ቃል እንዴት እንደተጸየፍኩት። ጫት የቃመ ሰው ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው አረቄ እኛ ዘንድ መጠጥ አይባልም። መጠጥ ሰካራሞች የሚጠጡት ነው። ኢያኤል ለማትሪክ ሲያጠና «ቅመህ አጥና፣ ጨብሰህ ተኛ» ብለው ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ!

ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ሆስፒታል ያደረስነው ዕለት፣ ነርሷ ሲስተር ውቢት «ይጠጣል?» ብላ ጠየቀች። እማዬ «በማርያም! የእኔ ልጅ? መጠጥ በአፉ አይዞርም» አለች። አልዋሸችም፤ እንደዚያ ነው የምታምነው። ሲስተር ውቢት የዚሁ አገር ልጅ ናትና ትንሽ አሰብ አድርጋ እንደገና ጠየቀቻት፤ «ይጨብሳል?»

«እሱማ፣ ማን የማይጨብስ አለ?»

የነርሷ ፊት ተለወጠ። ቆይታ ውጭ አስቀምጣ ነገረችን። «አረቄው ብቻ ነው እዚህ ያደረሰው አልልም። ልጁ ጭንቀት ይዞት ነበር፤ እሱን ማከም አለብን። ግን የጨነቀው ሰው ሲጠጣ ጭንቀቱ ይብስበታል፣ ቆም ብሎ የሚያስብበት አቅምም ያጣል። በዚህ ዕድሜ ደግሞ አደጋው የባሰ ነው።» እኛ እኮ ከጓደኞቹ ርቆ፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ምርቃና ነው እያልን እናልፈው ነበር። የዚያን ዕለትም ጨብሶ ነበር፤ ሊጠይቁን ከመጡት ከእርስዎ ጋር። ያን እያወቁ ከሆስፒታል በወጣ በሳምንቱ አረቄ ጸበል ብለው ይልካሉ! ይቀፈኛል፣ ጋሼ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

«በደሳ ይምጣና አየር ይቀይር» ብለዋል። አይመጣም። እማዬ «ወንድሜን ምን ብዬ እምቢ እላለሁ?» ስትል «እኔ እምቢ እለዋለሁ» አልኳት። ኢያኤል ሲስተር ውቢት ጋ እየተመላለሰ ነው፤ ማውራት ጀምሯል፣ ምግብም ይቀምሳል። እዚያ እርስዎ ዘንድ ቢመጣ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አረቄውን ቦይ ውስጥ ደፋሁት። ሃይላንዱን ልመልስልዎት ብል ሙሜ ባዶውንም አልይዝም አለ።

ወንድሜ ግን ይወድዎታል። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ዛሬ ጠዋት ጋሼ ተቀይሞኝ ይሆን ብሎ ሲጨነቅ፣ መጥቶ ይጠይቅሃል አልኩት። ቀና ብሎ ተቀመጠና «ኑሃሚን፣ ሳንጨብስ ምን እናወራለን?» አለኝ።

እንግዲህ ሳይቅሙ፣ ሳይጠጡ፣ እጅዎን ባዶ አድርገው ይምጡና እርስዎ ይመልሱለት። የሚሉት ከጠፋብዎትም ዝም ብለው አብረውት ይቀመጡ። አልጋው አጠገብ ወንበር አስቀምጥልዎታለሁ።

የእህትዎ ልጅ
ኑሃሚን፣ ከጭሮ