ከቃሏ ጎረቤት ያለው ጠባሳ

ደብረ ታቦር
ጥር 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ተገኘ! እልል በል፣ ተገኘ! እህትህ ስርጉት ለቀዶ ጥገናው ተመረጠች! ይኸው ደስታው ሰላምታውንም አስረሳኝ፤ እንዴት ነህ ተስፋነህ ልጄ፣ ጅማስ እንዴት ይዛሃለች?

አዲስ አበባ ወስጄ ጭንቅላቷን በኤምአርአይ አስነሣኋት። ባለማሽኑ ብረት ይዞ መግባት አይቻልም ቢላት "ማተቤን አልበጥስም!" ብላ ድርቅ። ኋላ "ክሩ ይቆይሽ፣ መስቀሉን ብቻ ለእናትሽ ስጪ" ብሎ ገላገለን። ያን ሁሉ ዘመን በወደቀች ቁጥር ሰው ክብሪት እየጫረ አፍንጫዋ ሥር ሲይዝ፣ እኔም ጣራ ገዳም ለጠበል ሳመላልሳት፣ ለካ የሚጥላት ከሕፃንነት ትኩሳቷ የቀረ ጠባሳ ኖሯል! ምስሉ ላይ በዓይኔ በብረቱ አየሁት፤ ምስር ቢያክል ነው። አብራን የሰነበተች የእብናት ሴት ነበረች፤ የልጇ ምስል ግን ምንም አላሳይ አለ። "የሚነሣውን ሳናይ አንከፍትም" ብለው መድኃኒት ሰጥተው መለሱት። እኔ ተደስቼ እሷን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

የቀረውን በስልክ ያልነገርሁህ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ነው፤ ስርጉት ከአጠገቤ አትጠፋም። ጠባሳው ቃል ከሚወጣበት ቦታ ጎረቤት ነው አሉን። ሲነሣ የሰው ስም ሊጠፋባት ይችላል፤ ይመለስ ይሆናል፣ ላይመለስም ይችላል። እሷማ "የፊዚክስ አስተማሪያችን ስም ከሆነ አብራችሁ አውጡልኝ" ብላ ሐኪሙን አሳቀችው። እኔም ሳቅሁ። ይቅርብን እንዳልል ግን፣ ባለፈው ሳምንት ምድጃው ላይ ልትወድቅ ለጥቂት ነው የያዝኋት።

አሁን ሥራዬ ምን መሰለህ? ጓሮ እገባና ዝም እላለሁ። "እማዬ! የት ገባሽ?" ትላለች። ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ፤ ደግማ እንድትጠራኝ።

ቀዶ ጥገናው ጥር 25 ሰኞ፣ የነነዌ ጾም ሲገባ ነው። አጎትህ ዘውዱ "ድግስ እኮ ከዳነች በኋላ ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?" ይለኛል። እሱ ምን ያውቃል! በጉ ታስሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል። እንግዳ ተቀባይዋም እሷው ናት፤ በር ላይ ቆማ እያንዳንዳችሁን በየስማችሁ እየጠራች ታስገባችኋለች።

አለቃህ ፈቃድ እንቢ ቢል ለምነው። መንገዱን ያቅናልህ፤ ደርሰህ ለመተያየት ያብቃን።

እናትህ ደሳለች

የድግሱ ቀን ጥር 21 ሐሙስ ነው፣ የአስተርእዮ ለት፤ ሁላችሁም፣ አንድ ሰው እንኳ እንዳይቀር።